ዓይንህን አታስይዝ

ልጄ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከመግሪብ ሶላት ስመለስ ገበያው አጠገብ ካለው የውርርድ ቤት ደጃፍ ቆሜ አየሁህ። ልሰልልህ ብዬ አይደለም፤ ድምፅህን ሰምቼ ነው የቆምኩት። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ፈረሶች ይሮጣሉ፤ አንተ ቲኬትህን ጨብጠህ እየዘለልክ “ሰባት! ሰባት!” ትላለህ። ጨዋታው አልቆ ስትወጣ “ያሸነፈው ፈረስ መልኩ ምን ዓይነት ነበር?” ብዬ ጠየቅኩህ። ትንሽ አሰብክና “አራት ቁጥር ነው፣ አባባ” አልከኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለ ሃምሳ ብርህ አይደለም፤ ብር ሠርተህ ታገኘዋለህ። የከነከነኝ መልስህ ነው። ስምንት ፈረስ ዓይንህ ሥር ሮጦ አንዱንም አላየኸውም። እኔ ያደግኩት ፈረስ ከልብ በሚታይበት አገር ነው፤ በወሎ ደጋ፣ በለጋምቦ። ባምባሲ የመጣሁት ጎልማሳ ሆኜ ነው። ያየሁትንና ያጠፋሁትን ከነምክንያቱ ጽፌልሃለሁ። ልብህ ቅን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሚያጠፋህ ችኮላህ ነው። ስለዚህ ቀስ ብለህ አንብበው።

1. የምታየውን በመልኩ እወቀው፤ በቁጥር አትጥራው። አባቶቻችን ፈረሳቸውን ከማክበራቸው የተነሳ ራሳቸው በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። በእኛ ሰፈር ደግሞ ከሩቅ አቧራ ሲነሳ “ያ ዳማው ነው፤ ያኛው ቦራው ነው፤ አምባላዩ የእከሌ ነው” ይባል ነበር። ኮቴ ሰምቶ ባለቤቱን የሚለይ ሽማግሌም ነበረን። አንተ ቅዳሜ ያየኸው ፈረስ ግን እናት የለውም፣ ላብ የለውም። ማሽን የሚስለው ሥዕል ነው፤ አንዱ ሩጫ እንዳለቀ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ይሳላል። ፈረስ ባይሆን ውሻ ይሆናል፣ ውሻ ባይሆን ኳስ፤ ለውርርድ ቤቱ ለውጥ የለውም። ቁጥር ሲለምድብህ ላንተም ለውጥ አይኖረውም፤ እኔ የምፈራው እሱን ነው።

2. ያስያዝክበትን ነገር አየሁ አትበል። ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግርህ። ከ1977ቱ ድርቅ በፊት ነው፤ ዕድሜዬ ሃያ አልሞላም። ለጋምቦ አንድ ሰርግ ላይ ሁለት ልጆች ፈረስ ሊሽቀዳደሙ ሆነ። አንዱ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ሌላው የአጎቴ ልጅ። እኔ ከአባቴ መንጋ አንዲት ጠቦት አስያዝኩ፤ ያስያዝኩትም ለጎረቤታችን ልጅ ነው፣ ፈረሱ ይበልጣል ብዬ። የገዛ ሥጋዬን ትቼ ለሌላ ማስያዜ ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ብልጠት መስሎኝ ነበር።

ፈረሶቹ ከወንዙ ማዶ ተነሱ። ከዚያ በኋላ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሁለቱ አፍንጫ መካከል ያለውን ክፍተት። ክፍተቱ ሲሰፋ ደረቴ ይሰፋል፤ ሲጠብ ትንፋሼ ይቆማል። ከድንጋይ ካቡ አጠገብ ሲደርሱ የአጎቴ ልጅ ፈረስ ተደናቀፈና ልጁን ካቡ ላይ ጣለው። እኔ ምን አደረግኩ? በደስታ ዘለልኩ። ልክ አንተ ቅዳሜ እንደዘለልከው እጄን ሰቅዬ ዘለልኩ። እግሬ መሬት ሲነካ እናቴ ፊት ለፊቴ ነበረች። ወደ ወደቀው ልጅ እየሮጠች ነው መንገዷ ላይ ያገኘችኝ። ፊቴን አየችው። አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ እየገፈፈች አልፋኝ ሄደች። እግሩን ያሰሩለት በዚያ ነጠላ ነው።

ጠቦቷን አሸነፍኩ። የአጎቴ ልጅ እግር ግን ተጣሞ ቀረ። በ1977 ድርቁ አገር ሲያስለቅቀን ባንድ መኪና ተጭነን ወደ አሶሳ፣ እዚህ ባምባሲ መጣን፤ በሰፈራው ጎጆ ለጎጆ ኖርን፤ እሱ እያነከሰ፣ እኔ አጠገቡ፣ ማሽላ አብረን አረምን። እስኪሞት ድረስ ያን ዝላይ አልነገርኩትም። ዛሬ “የዚያን ቀን ፈረሶች መልካቸው ምን ነበር?” ብትለኝ አላውቀውም። በዚያው ዓመት ምንም ሳላስይዝ ያየሁትን ጉግስ ግን አሁንም አየዋለሁ። ነጭ አምባላይ ነበር፣ ግላሱ ቀይ። ከኋላ የሚያሳድደው ሰው ዘንጉን ሲወረውርበት ጋላቢው ከኮርቻው ወደ ጎን ተንሸራቶ በፈረሱ ጎን ተሰወረ፤ ዘንጉ በባዶ ኮርቻ ላይ አልፎ ሄደ። የፈረሱ ግራ ጆሮ ጌታዋን እንደምታዳምጥ ወደ ኋላ ታጥፋ ነበር። ያን ቀን ማን አሸነፈ ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። ብሩን ያስያዘ ዓይኑንም አስይዟል የምልህ ለዚህ ነው፤ ብሩ ሲመለስ እንኳ ዓይኑ አይመለስም።

3. ከከፈልክ በኋላ የሚመጣብህን እርግጠኝነት አትመነው። በካናዳ፣ ቫንኩቨር ከተማ፣ ኖክስና ኢንክስተር የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ወደ ፈረስ መሽቀዳደሚያ ሄደው ተወራራጆችን ጠየቁ፤ ጥናታቸው በፈረንጆቹ 1968 ታተመ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ “የመረጥከው ፈረስ የማሸነፍ ዕድሉ ምን ያህል ነው ትላለህ?” ገና ከመክፈያው መስኮት ፊት ወረፋ የያዙት በመጠኑ ነው የተማመኑት። ሁለት ዶላራቸውን ከፍለው ዘወር ያሉትና ሠላሳ ሰከንድ ያልሞላቸው ግን ልባቸው ሞልቶ ነበር። ፈረሱ አልተለወጠም፣ ሜዳው አልተለወጠም፤ በመሃል የተለወጠው የሁለቱ ዶላር ኪስ ብቻ ነው። አንተም እንደዚያው ነህ። የኳስ ቲኬትህን ከመቁረጥህ በፊት “ይሄ ቡድን አጥቂው ተጎድቶበታል” ብለህ በትክክል ነግረኸኝ ነበር። ከቆረጥክ በኋላ ግን የአጥቂው ጉዳት ጠፋብህ። ከዚያ ወዲያ የምታየው ለፍርድህ ምስክር የሚሆንህን ብቻ ነው፤ ፈረሱ ሲያምር ታያለህ፣ ሲያነክስ አታይም።

4. ብዙ ጨዋታ የተገመደበት ቲኬት አትቁረጥ። ዘወትር የምትነግረኝ “አንድ ጌም ነው ያበላሸብኝ” ነው። ቁጭ በል፣ እናስላው። የአንዱ ጨዋታ ኦድ፣ ማለት ለአንድ ብር የሚመለስልህ፣ 1.5 ይሁን፤ ቡድኑም ከአሥር ጊዜ ስድስቱን የሚያሸንፍ ጠንካራ ነው እንበል። አሥር ጊዜ 10 ብር ብታስይዝ 100 ብር ታወጣለህ፤ ስድስት ጊዜ 15 ብር ይመለስልሃል፣ 90 ብር ነው። ከመቶው 10 ብር ለቤቱ ቀረ። አሁን አሥሩን ባንድ ቲኬት ገምዳቸው። ለ10 ብርህ 576 ብር ይልሃል፤ ዓይንህ የሚያርፈውም እዚያ ላይ ነው። ነገር ግን አሥሩም ባንድነት የሚሳኩልህ ከሺህ ቲኬት በስድስቱ ነው። ሺህ ቲኬት 10,000 ብር ያስወጣሃል፤ የሚመለስልህ 3,500 ብር ግድም ነው። ከመቶው 65 ብር ለቤቱ ቀረ። ስለዚህ አንዱ ጨዋታ አላበላሸብህም፤ ቲኬቱ የተበላሸው ሲገመድ ነው።

የገንዘቡን ነገር ለጊዜው ተወው። አሥር ጨዋታ ባንድ ሰዓት ሲካሄድ አንተ የትኛውን አየህ? ዲኤስቲቪ ቤት ገብተህ ፊትህ ኳስ እየተካሄደ አንገትህን ስልክህ ላይ ደፍተህ ነበር። አጠገብህ ያለው ሕዝብ በአንድ ግብ ሲጮህ ቀና አልክ፤ ግቡ ግን አልፏል። ግቡን ሳታይ ውጤቱን አየህ። ያን ግብ ያየ ሰው ሲሸመግል ለልጁ ይነግረዋል፤ አንተ ግን የምትነግረው ቁጥር ብቻ ነው የሚኖርህ።

5. ተወራራጅ ሁሉ ፈረስ አያውቅም አትበል፤ ራስህን ግን ከሚያውቀው ጋር አታወዳድር። እውነቱን ልናገር፤ በፈረንጅ አገር ዕድሜውን ሙሉ ፈረስ ሲያጠና የኖረ ተወራራጅ አለ። የፈረሱን ዘር፣ የሜዳውን ጭቃ፣ የጋላቢውን ክብደት፣ ባለፈው ወር የሮጠበትን ሰዓት መዝግቦ የሚይዝ። ዕውቀቱን አልነፍገውም፤ ከእኔም ይበልጣል። ነገር ግን የጨዋታውን አሠራር ተመልከት። በ1860ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ጆሴፍ ኦለር የሚባል ሰው ፓሪስ ላይ አንድ ዘዴ አወጣ፤ ሁሉም ተወራራጅ ገንዘቡን ባንድ ቋት ይጨምራል፣ ቤቱ ድርሻውን ይቆርጣል፣ የቀረውን ያሸነፉት ይካፈሉታል። በዚህ ዘዴ የአንድ ፈረስ ክፍያ የሚወሰነው በፈረሱ ጉልበት አይደለም፤ በሌሎች ሰዎች ገንዘብ ብዛት ነው። ስለዚህ ያ ሊቅ እንኳ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ዓይኑን ከፈረሶቹ ነቅሎ የሰሌዳውን ቁጥር ነው የሚጠብቀው። ሕዝቡ ወዴት አዘነበለ እያለ የሰው ፊት ያነባል። ፈረስ ሊያይ መጥቶ ሰው ሲያይ ይመለሳል። ሊቁ እንዲህ ከሆነ፣ ቲኬቱን ሻይ እየጠጣህ በሦስት ደቂቃ የምትሞላው አንተ ምን ልታይ ነው?

6. ሽልማትን ከቁማር ለይተህ እወቅ። ቁማር በዲናችን ክልክል መሆኑን ከመድረሳ ጀምሮ ታውቃለህ፤ እሱን አልደግምልህም። ብዙ ልጆች የማያውቁት ሌላውን ነው። ፈረስ ማሽቀዳደም አልተከለከለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ፈረስ አሽቀዳድመዋል፤ የሠለጠኑትን ፈረሶች ረጅሙን መንገድ፣ ያልሠለጠኑትን አጭሩን አድርገው። ዑለማዎችም በፈረስ፣ በግመልና በቀስት ለሚቀድመው ሽልማት ይፈቅዳሉ። ይህ ልዩነት ለምን እንደተደረገ ወጣት ሳለሁ አይገባኝም ነበር። ሽልማት የሚሄደው ላቡን ላፈሰሰው ነው፤ ፈረሱን ላበላው፣ ላጠጣው፣ ኮቴውን ላየለት። ሽልማት የሰጠ ሰው የተሻለው እንዲያሸንፍ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሁሉንም እኩል ያያል። ያስያዘ ሰው ግን የተሻለው ቢያሸንፍም ባያሸንፍም ግድ የለውም፤ የእሱ ብቻ ያሸንፍለት። እንግዲህ እኔ ጠቦቷን አስይዤ ከምቆም ለአሸናፊው ሸልሜያት ቢሆን ኖሮ፣ የአጎቴ ልጅ ሲወድቅ መጀመሪያ የምደርስለት እኔ ነበርኩ።

7. ያስሸነፈህን ተጫዋች አትስደብ። ፍጹም ቅጣት ምት የሳተ ልጅ እንደ አንተ የእናት ልጅ ነው። ድሮ ኳስ ስንመለከት ሲስት “አይዞህ!” እንለው ነበር። አሁን ውርርድ ቤቱ ውስጥ የምሰማው ስድብ እናቱ ድረስ ይሄዳል። ቡድንህ ስለተሸነፈ ቢሆን ሐዘን ነው፣ ሐዘን ያልፋል። በሃምሳ ብርህ የተነሳ ሲሆን ግን ቂም ይሆናል፤ ቂም ይዞ የሚመለከት ሰው ጨዋታ አይጥመውም።

8. ሦስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ዕድሜ ልክ ሊቀመጥልህ እንደሚችል እወቅ። በ1973፣ በፈረንጆቹ፣ ኒው ዮርክ ቤልሞንት ላይ ሴክሬታሪያት የሚባል ፈረስ ሮጠ። ቀይ ዳማ ነበር። አንድ ተኩል ማይሉን በ2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ጨረሰው፤ ሁለተኛ ከወጣው ፈረስ በ31 የፈረስ ርዝመት ርቆ። በዚያ ርቀት አፈር ላይ ከዚያ የፈጠነ ፈረስ እስካሁን አልታየም። ሁሉም ያሸንፋል ብሎ ስላስያዘለት ክፍያው ትንሽ ነበር፤ ለ2 ዶላር ቲኬት 2 ዶላር ከ20 ሳንቲም። ልብ በል እንግዲህ፤ ከአሸናፊዎቹ ቲኬቶች 5,617ቱ ገንዘብ ሳይወጣባቸው ቀሩ። ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸው ወረቀቷን ማስታወሻ አድርገው አስቀመጧት። ያ ፈረስ እንዲህ አድርጎ ነው የሮጠው፤ ቁማርተኛውን ቁማሩን አስረስቶ ተመልካች አደረገው። ይህን ታሪክ ከሰማሁ ጀምሮ ለተወራራጅ ያለኝ ልብ ለስልሷል። ዓይኑ አልጠፋም፤ ተይዟል እንጂ።

9. ካስያዝክ ደግሞ ከማንም አትደብቅ። ይህ አጭር ነው። እናትህ ስትጠይቅህ “ለትራንስፖርት ነው” ያልካት ቀን ነገሩ ከጨዋታ ወጥቶ ሌላ ሆኗል። ስንት እንዳስያዝክ ጮክ ብለህ መናገር ካፈርክ እግርህን ከዚያ ደጃፍ አንሳ። የአባቴን ጠቦት ያስያዝኩትም በስውር ነበር።

10. ሄደህ ፈረስ እይ፤ ምንም ወረቀት ሳትይዝ። “ባምባሲ ፈረስ የት አለና?” ትለኛለህ። እውነትህን ነው። ሽመሉ ጫካ ሙሉ ነው፣ ለጉግስ ዘንግ አገር የሚበቃ፤ ፈረሱን ግን ገንዲ የሚባለው በሽታ አያኖረውም። ፈረስ ያመጣን ሰዎች ነበርን፤ ፈረሶቹ ዓመት ሳይሞላቸው ክስት ብለው እንደወደቁ አስታውሳለሁ። ቢሆንም ዓይንህን ለማሠልጠን ፈረስ አያስፈልግህም። በገበያ ቀን ማንጎ ጭነው ከሚመጡት አህዮች አንዷን ምረጥና አቀበቱን እስክትጨርስ ተከተላት፤ የት ላይ እንደምትቆም፣ ባለቤቷ ምን ሲላት እንደምትነሳ። ከሰዓት ሜዳ ላይ የሰፈር ልጆች በባዶ እግራቸው ኳስ ሲጫወቱ ተቀመጥና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እይ። ማንም ኦድ አላወጣላቸውም፤ ለዚህም ነው ከልብ የሚሮጡት።

ከዚያ ብር ሲኖርህ፣ የውርርዱን ብር አጠራቅመህ እላለሁ፣ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ሂድ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ አባቶቹ በዓድዋ በፈረስ የዘመቱትን እያሰበ በየዓመቱ በዚያ ቀን በዓሉን ያከብራል። ከየወረዳው ፈረሰኛው በብዛት ይመጣል፤ ፈረሶቹ በየመልካቸው ተሸልመው፣ ደረታቸው በቀይና በቢጫ ጨርቅ ያሸበረቀ። ግልቢያ አለ፣ ሶምሶማ አለ፣ ጉግስ አለ። ከባምባሲ መንገዱ ሩቅ ነው፤ አውቶቡሱም ያደክማል። ግድ የለም፣ ሂድ። ሜዳው ዳር ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ቁም፤ እነሱ ወዴት እንደሚያዩ አንተም ወደዚያ እይ። ስለ ልጓሙ፣ ስለ እርካቡ፣ ስለ ጋላቢው ጉልበት ሲያወሩ አትናገር፤ ስማ።

ስትመለስ ማን ቀደመ ብዬ አልጠይቅህም። ጁምዓ ከሰገድን በኋላ አብረን ወደ አጎቴ ልጅ መቃብር እንሄድና ከፈረሶቹ የአንዱን መልክ፣ ጋማው እንዴት እንደተጎነጎነ፣ ጆሮው ወዴት እንዳለ እዚያ ትነግረኛለህ። እሱም ፈረስ ይወድ ነበር።